«ዋሽንግተን» ማለት ምን ማለት ነው? የአንድ እንግሊዝ መንደር ስም እንዴት የቤተሰብ ስም ሆነ

ማኅደር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን ሰዎች ይህን ስም ሳንጠራ የምንውልበት ቀን የለም። ከተማው ዋሽንግተን የተባለው በጆርጅ ዋሽንግተን ስም እንደሆነ እናውቃለን። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በስተጀርባ ያለው ነው። ሰውየው ስሙን ከየት አመጣው? «ዋሽ» ማጠብ፣ «ተን» ደግሞ ከተማ ስለሆነ «የልብስ ማጠቢያ ከተማ» ማለት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ዋሽንግተን የሚል ላስት ኔም ያለው ሰውስ የፕሬዚዳንቱ ዘር ነው ማለት ነው? የምታውቁ በማስረጃ አስረዱን።

ብራናው፦
የማጠቢያው ነገር ትክክል አይደለም። የተሳሳተበትን ምክንያት ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ ለሌላም ስም ይሠራልና።

የእንግሊዝ የቦታ ስም በዛሬው አጻጻፉ አይተረጎምም። መጀመሪያ የተጻፈበት መልክ ተፈልጎ ነው የሚተረጎመው። ዋሽንግተን በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በጥንቱ የደርሃም አውራጃ የነበረ መንደር ነው፤ ዛሬ በሰንደርላንድ አስተዳደር ሥር ነው። እንግሊዝን ለሚመረምር ሰው የመጀመሪያው መነሻ ብዙ ጊዜ የ1086ቱ የዱምስዴይ መዝገብ የሚባለው የመሬት ቆጠራ ነው። ደርሃምና ኖርዘምበርላንድ ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም። ይህን የማያውቅ ሰው «ስሙ በ1086 አልነበረም» ብሎ ይደመድማል። የደርሃምን ክፍተት የሚሞላው በ1183 የደርሃሙ ጳጳስ ሂዩ ደ ፒዊዜ ያሠሩት የቦልደን መጽሐፍ የሚባለው የግብር መዝገብ ነው። እሱም ቢሆን ዋናው ጠፍቶ የኋላ ግልባጮቹ ናቸው የቀሩት። የመንደሩ ስም በአንዱ «ዋሲንግቶና»፣ በሌላው «ዌሲንግቶን» ይላል። ልብ በሉ፣ በሁለቱም «ስ» እንጂ «ሽ» የለም። «ሽ» የመጣው ኋላ ነው። «ዋሽ» ካልነበረ ማጠቢያም የለም።

ቃሉ በሦስት ይከፈላል፦ ዋሳ፣ ኢንግ፣ ቱን። ዋሳ የአንግሎ ሳክሶን ሰው ስም ነው። ኢንግ እዚህ ላይ ሰውየውንና መሬቱን የሚያያይዝ ቅጥያ ነው። ቱን በመጀመሪያ አጥር ያለው ግቢ፣ ቀጥሎ እርሻ፣ ከዚያም መንደር ማለት ሆነ፤ የዛሬው «ታውን» ከሱ ነው የወረደው። ስለዚህ «የዋሳ ሰፈር»፣ «የዋሳ እርሻ» ማለት ነው። እኛ «እገሌ ሰፈር» እንደምንለው ማለት ነው። ዋሳ ማን እንደነበረ የሚናገር ሌላ ጽሑፍ የለም፤ ከስሙ በቀር የተረፈ ነገር የለውም።

እንጦጦ77፦
አንድ ማረሚያ ልጨምር። ዋሽንግተን የሚባል መንደር በደቡብም፣ በምዕራብ ሳሴክስ አለ። እዚያ ስሙ በ10ኛው መቶ ዘመን ሰነድ ላይ ይገኛል፤ ከደርሃሙ ይቀድማል ማለት ነው።

ብራናው፦
ልክ ነው፤ ልዩነቱም ያለው በመካከለኛዋ ቁራጭ ላይ ነው። የሳሴክሱ «ኢንጋ» የብዙ ቁጥር አገናዛቢ ነው፤ «የዋሳ ወገኖች መንደር» እንደማለት። የደርሃሙ ግን አንዱን ሰው ብቻ ነው የሚያነሣው። ዛሬ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሚጻፉ ልዩነቱ የሚታየው በአሮጌው ሰነድ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ወጥመድም አለ። በደርቢሻየር ዌሲንግተን የሚባል መንደር አለ። ስሙ ከደርሃሙ አሮጌ መልክ ጋር ቁርጥ አንድ ይመስላል። ነገር ግን በ1086 የተጻፈው «ዊስታንስቱን» ተብሎ ነው፤ የዊስታን መንደር። ከዋሳ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ በአንድ የ14ኛ ክፍለ ዘመን ወረቀት ላይ «ዌሲንግተን» የሚል ስም ብታገኙ ሦስት መንደሮች ይከራከሩበታል። የሚዳኛቸው ሰውየው የተመዘገበበት አውራጃ ነው።

ዘአክሱም፦
ስሙ ከመንደር ወደ ሰው የተሻገረበትን መንገድ እኔ ልጀምረው። በቦልደን መጽሐፍ ዊልያም ደ ኸርትበርን የሚባል ባላባት አለ። «ደ» «የ» ማለት ነው፤ የኸርትበርኑ ዊልያም። ኸርትበርን ዛሬ ሃርትበርን ይባላል፣ ስቶክተን አጠገብ ነው። ይህ ሰው ኸርትበርንን ለጳጳሱ ሰጥቶ በልዋጩ ዌሲንግቶንን ያዘ። ግዴታውም ተጽፏል፤ 4 ፓውንድ መክፈልና ጳጳሱ ትልቁን አደን ሲወጡ 4 አዳኝ ውሾች ይዞ መገኘት። ጉልቱ ሲለወጥ ስሙም ተለወጠና ዊልያም ደ ዌሲንግቶን ተባለ።

ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ግዕዝ «ዘ» ይላል፦ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ዘሐይቅ፣ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ። አሠራሩ አንድ ነው። የሚለየው በኋላ የሆነው ነው። የእኛ «ዘ» በዚያው ሰው ላይ ይቀራል፤ የእንግሊዙ «ደ» ግን ወደ ልጅ፣ ወደ ልጅ ልጅ ወረደ። ቀስ በቀስም «ደ» ራሷ ወደቀችና መንደሩ ብቻ ቀረ።

ሰላም_ቨርጂኒያ፦
ታዲያ «ደ» ያለበት ሁሉ መኳንንት ነበር ማለት ነው? የፈረንሳዮቹ እንደዚያ አይደል?

ዘአክሱም፦
በእንግሊዝ አይደለም፣ እህቴ። ጸሐፊዎቹ በላቲንና በፈረንሳይኛ ስለሚጽፉ ለገበሬውም ለነጋዴውም «ደ» ያስቀምጡ ነበር።

ይልቅ መያዝ ያለበት ቁም ነገር ሌላ ነው። ባላባት በያዘው መሬት ይጠራል፤ ተራው ሰው ግን ትቶት በመጣው መንደር ነው የሚጠራው። መንደሩ ውስጥ እያለ «የዌሲንግቶኑ» ቢሉት ማንን ከማን ይለያል? ሁሉም የዚያው ሰው ነው። ሠላሳና ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሰፍር ነው ጎረቤት «የዚያ መንደሩ ሰው» ብሎ የሚለየው። ጎጃሜው «ጎጃሜ» የሚባለው ጎጃም ውስጥ አይደለምና። ስለዚህ ስሙ የሚበዛበትን መንደር ፈልጋችሁ «መነሻው ይኸው» አትበሉ፤ መነሻው ብዙ ጊዜ ከዚያ ራቅ ብሎ ነው ያለው። በጣም የራቀ ግን አይደለም።

እንጦጦ77፦
ከዊልያም እስከ ጆርጅ ያለውን ሰንሰለት ባጭሩ፦ ዋናው መስመር በደርሃም እስከ 1300ዎቹ መጨረሻ ቆየና ወንድ ወራሽ አጣ፤ ርስቱ በሴት ልጅ ወደ ሌላ ቤተሰብ አለፈ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅርንጫፍ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዌስትሞርላንድ ሄዷል፤ ሮበርት ደ ዌሲንግተን በ1292 የስትሪክላንድ ቤተሰብ ልጅ ጆአንን በማግባቱ። ቅርንጫፉ ቀጥሎ ላንካሻየር ውስጥ ዋርተን ሰፈረ። ከዋርተን የወጣው ሎውረንስ ዋሽንግተን ወደ ኖርዛምፕተን ወርዶ በሱፍ ንግድ በለጸገና በ1532 የከተማው ከንቲባ ሆነ። ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን አፍርሶ መሬታቸውን ሲሸጥ ደግሞ በ1539 የሰልግሬቭን ጉልት በ324 ፓውንድ ከ14 ሽልንግ ከ10 ፔንስ ገዛ። ከሱ ዘር የሆነው ቄስ ሎውረንስ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1643፣ በኤሴክስ ካለው ደብሩ ተባረረ። ልጁ ጆን በ1650ዎቹ ቨርጂኒያ ገባ። ጆን ሎውረንስን፣ ሎውረንስ ኦገስቲንን፣ ኦገስቲን ጆርጅን ወለዱ፤ ጆን የጆርጅ ቅድመ አያት ነው።

በመካከል በደርሃም ካቴድራል ከ1416 እስከ 1446 አበምኔት የነበረው ጆን ዌሲንግተንን ማንሣት ደስ ይለኛል። ስሙ ገና በ«ስ» ነው የሚጻፈው፤ ቤተሰቡ ስሙን ከያዘ ከ200 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ማኅደር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ዛሬ ዋሽንግተን የሚባል ሰው ከዚህ ሰንሰለት ነው?

የቆላ_ወፍ፦
ይህን እኔ ልመልስ፤ የአሜሪካውን ክፍል ብዙ ሰው ስለሚዘለው።

ጆርጅ ዋሽንግተን በታኅሣሥ 1799 ሲሞት የአብራኩ ልጅ አልነበረውም። ያሳደጋቸው የሚስቱን የማርታን ልጆችና የልጅ ልጆች ነው። ስለዚህ በቀጥታ ከሱ የተወለደ ዋሽንግተን አንድም የለም። ካለ የወንድሞቹ ወይም የሌሎች ዘመዶቹ ዘር ነው።

በ2000 የአሜሪካ ቆጠራ ዋሽንግተን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው 163,036 ሰዎች ተመዝግበዋል። ከመቶ 90 ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በባርነት የነበሩ ሰዎች ነፃ ሲወጡ የያዙት ስም ነውና የዛሬው ዋሽንግተን ታሪክ በአብዛኛው የእነሱ ታሪክ ነው። ስለ ስሙ ሲወራ ስለ ደርሃም ብቻ ተወርቶ ሲቆም ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት «ባሪያው የጌታውን ስም ወሰደ፤ ስለዚህ ጌታው ዋሽንግተን ነበር» የሚለው ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። የጆርጅ ዋሽንግተን አገልጋይ የነበረው ዊልያም ሊ ስሙ ሊ እንጂ ዋሽንግተን አልነበረም፤ በ1768 የተገዛው ከሊ ቤተሰብ ነውና የቀደሙትን ጌቶች ስም እንደያዘ ቀረ። በ1799 በጆርጅ እርሻ በማውንት ቨርነን ላይ 317 ሰዎች በባርነት ነበሩ፤ ጆርጅ በኑዛዜው ነፃ ሊያወጣቸው የቻለው የራሱ የነበሩትን 123 ብቻ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከዛሬዎቹ ሺዎች ጋር ሲተያዩ ስሙ ከአንድ እርሻ እንዳልፈለቀ ግልጽ ነው። ታዋቂውን ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ቡከር ዋሽንግተንን ተመልከቱ፤ በ1856 ቨርጂኒያ በባርነት ተወለደ። የእንጀራ አባቱ የመጀመሪያ ስም ዋሽንግተን ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ ዋሽንግተን አለ። ጌታው በሌላ ስም የሚጠራ ነበር።

ሰነዱን ለሚፈልግ፦ ጥቁር አሜሪካውያን በሙሉ በስማቸው የተቆጠሩበት የመጀመሪያው ቆጠራ የ1870ው ነው። በ1850ና በ1860 ባሪያዎች የተመዘገቡት በባለቤቱ ስም ሥር፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ነው። ከ1870 ወደ ኋላ የሚያሻግር ድልድይ ከ1865 እስከ 1874 የሠራው፣ ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች የተቋቋመው የነፃ ወጪዎች ባንክ መዝገብ ነው። ሂሳብ ከፋቹን የወላጆቹን፣ የወንድም እኅቶቹን፣ አንዳንዴም የቀድሞ ጌታውን ስም ይጠይቅ ነበር። በዚያ ላይ ጌታው ማን እንደነበረ ካልታየ በስተቀር ከስሙ ብቻ ተነሥቶ ወደ 1860ው ዝርዝር መግባት ሰውን ከማያውቀው እርሻ ጋር ማያያዝ ነው።

ሰላም_ቨርጂኒያ፦
በጣም ጠቃሚ ነው። የእንግሊዙን በኩልስ? አንድ ሰው ከመንደር የመጣ ስም ቢኖረውና መንደሩን በራሱ ለማግኘት ቢፈልግ ከየት ይጀምራል?

ብራናው፦
ከራሱ ይጀምርና ወደ ኋላ ይሂድ። ከመንደሩ ጀምሮ ወደ ፊት የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ የሚፈልገውን ያገኛል፤ ችግሩም እሱ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው (በእነሱ አቆጣጠር)። የልደት ወረቀቱ አባትንና የእናትን የአባት ቤት ስም ይሰጣል። የጋብቻው ወረቀት የሁለቱን ተጋቢዎች አባቶች ብቻ ይሰጥ ነበር፤ እናቶች የተጨመሩት በ2021 ነው። ቆጠራ በየ10 ዓመቱ አለ፤ ነገር ግን የ1841ዱን ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ። ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ 5 ብዜት እንዲጠጋጋ ታዝዞ ነበር፤ 34 ዓመት የሆነው 30 ተብሎ ተጽፏል። የትውልድ ቦታውም «እዚሁ አውራጃ ነው ወይስ አይደለም» ብቻ ነው። የተወለደበትን ደብር የሚናገረው የ1851ዱ ነው።

ከ1837 በፊት የደብር መዝገብ ነው። መዝገቡ እንዲያዝ ትእዛዙ የወጣው በ1538 ሲሆን የብዙ አጥቢያዎች የመጀመሪያ ዓመታት ጠፍተዋል። ከ1598 ጀምሮ ግን በየዓመቱ ግልባጭ ወደ ጳጳሱ ይላክ ስለነበር የደብሩ ከጠፋ የጳጳሱን መፈለግ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። «ጆን፣ የሮበርት ልጅ፣ ተጠመቀ» የሚል አግኝቶ «ያ የእኔ ጆን ነው» ይላል። ያ ሕፃን በሁለተኛው ወር ሞቶ ሊሆን ይችላል። የቀብሩን መዝገብ ሳታዩ ጥምቀትን አትቀበሉ። ጎረቤት ደብሮችንም እዩ፤ ያው ስም ያላቸው ሁለት ያጎት ልጆች በአንድ ዓመት መጠመቃቸው የተለመደ ነው።

የደብር መዝገብ ሲያልቅ ግብር ይቀጥላል። ከ1662 እስከ 1689 የተሰበሰበው የምድጃ ግብር የቤተሰብ ኃላፊን ስምና የምድጃውን ብዛት ይሰጣል። ከዚያ ወደ ኋላ ርቆ የ1377፣ የ1379ና የ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር አለ። ይኼኛው ወርቅ ነው፤ የቤተሰብ ስም እየጠነከረ በነበረበት ዘመን ስለተጻፈ ሰውየው ከመንደሩ ምን ያህል ርቆ እንደነበረ ያሳያል።

የቆላ_ወፍ፦
የቤተሰብ ስሞችን ሥርጭት የሚያሳየውን የ1881ዱን የቆጠራ ካርታም ጨምሩበት። ሰዉ ገና በብዛት ስላልተበታተነ ስሙ የት እንደሚከማች በደንብ ይታያል። ግን ቁጥሩን በጥሬው አትዩ፤ ለንደን ሁሉንም ስም ስለሚስብ ብዙ ጊዜ ከፊት ይወጣል። ከ100,000 ነዋሪ ስንቱ በሚል ስሌት ሲታይ ነው እውነተኛው ክምችት የሚወጣው። አናባቢ እየቀያየሩ መፈለግም ግድ ነው። ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ ስሙን የሚሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ ፊደል ስለማይቆጥር አያርመውም።

የመርካቶ_ልጅ፦
ከርእሱ ሳልወጣ፦ የኳስ ተጫዋቾቹ ስምስ? ቤካም፣ ዎልኮት፣ ቤሊንግሃም፤ እነዚህም የመንደር ስም ናቸው?

ብራናው፦
ሦስቱም ናቸው ወንድሜ፤ ስለ ስሞቹ እንጂ ስለ ተጫዋቾቹ ቤተሰብ አይደለም የማወራው። ቤካም ኖርፎክ ውስጥ ምሥራቅና ምዕራብ ቤካም የሚባሉ መንደሮች አሉ፤ «የቤካ መኖሪያ»። «ሃም» መኖሪያ ነው። ዎልኮት በጣም ደስ የሚል ስም ነው። «ዋል» አንግሎ ሳክሶኖች የቀደሙትን ብሪቶኖች የሚጠሩበት ቃል ነው፣ ባዕድ እንደማለት፤ ዌልስ የሚለውም ከሱ ነው። «ኮት» ጎጆ። ስለዚህ ስሙ የአንግሎ ሳክሶን መንደሮች መካከል ብሪቶኖች ተለይተው የሚኖሩበት ቦታ እንደነበረ ይመሰክራል። ዎልኮት የሚባሉ መንደሮች ብዙ ስለሆኑ ግን አውራጃውን ሳያውቁ አንዱን መምረጥ አይቻልም።

ቤሊንግሃም በጆሮ የሚፈተን ነው። የኖርዘምበርላንዱን መንደር ሰዎች «ቤሊንጃም» ነው የሚሉት። ደቡብ ለንደን ያለው ግን እንደተጻፈው ይነበባል። የአገሬው አነጋገር አንዳንዴ ከፊደሉ ይልቅ አሮጌውን ድምፅ ይጠብቃል።

ዘአክሱም፦
አቅጣጫ የያዙትንም አትርሱ፦ ኖርተን፣ ሳተን፣ ዌስተን፤ የሰሜኑ፣ የደቡቡ፣ የምዕራቡ መንደር። ኒውተን አዲሱ መንደር ነው። እነዚህ በየአውራጃው ስላሉ ሳተን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ዝምድና አላቸው ብሎ መገመት በጭራሽ አይቻልም። ሚልተን ደግሞ በአንዱ ቦታ «የመካከለኛው መንደር»፣ በሌላው «የወፍጮው መንደር» ነው፤ አሮጌው አጻጻፍ ካልታየ አይለይም።

ማኅደር፦
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በየሱቁ «የቤተሰብዎ ዓርማ» እየተባለ የሚሸጠውስ?

እንጦጦ77፦
ገንዘብዎን አያባክኑ። በእንግሊዝ ሕግ ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና በወንድ መስመር ለሚወርዱ ዘሮቹ ነው፤ ለአንድ የቤተሰብ ስም ሁሉ የተሰጠ ዓርማ የለም። ሳተን ለሚባል ሰው ሁሉ «የሳተን ዓርማ» መሸጥ የሌላን ሰው ማኅተም እንደመሸጥ ነው።

የዋሽንግተኖቹን ዓርማ ግን ዲሲ ያላችሁ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ነጭ መደብ፣ 2 ቀይ አግድም መስመር፣ ከላይ 3 ቀይ ኮከብ፤ በ1938 የጸደቀው የከተማው ባንዲራ እሱው ነው። ያው ዓርማ በሰልግሬቩ ቤት ደጃፍና በዋርተን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ቅርንጫፉ ከላንካሻየር መውረዱን ለመከታተል የረዳውም እሱ ነው። ዓርማ የሚጠቅመው እንዲህ፣ አንድ የታወቀ ቤት ላይ በታወቀ ዘመን ተቀርጾ ሲገኝ ነው።

የቆላ_ወፍ፦
ሰነድ ለምትቆፍሩ አንድ ነገር ላክል፤ እኛ የዘመን መለወጫ ልዩነት ስለለመድን ቶሎ ይገባናል። በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1751 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው መጋቢት 25 ነበር (የቀኑ ቁጥር በእነሱ ነው)። ጆርጅ ዋሽንግተን የተወለደው በአሮጌው አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 1731 ነው፤ በአዲሱ የካቲት 22 ቀን 1732። ሰው አንድ፣ ልደቱም አንድ። ከጥር 1 እስከ መጋቢት 24 ባለው ጊዜ የተጻፈ ጥምቀት ስታገኙ ዓመቱን በሁለቱም መልክ፣ «1731/32» እያላችሁ መዝግቡ። አለበለዚያ ወላጆቹ በግንቦት 1731 ተጋብተው ልጃቸው በየካቲት 1731 የተጠመቀ መስሏችሁ ትክክለኛውን ቤተሰብ ትጥላላችሁ።